ወደ ኋላ የማይመለስ ጋዲሳ

ከእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት ስመለስ ነው ያየሁት፤ አየሁት ከማለት አሸተትኩት ብል ይሻላል። ድሮ የጋሪ ፈረሶች ውሃ ይጠጡበት በነበረው አስፓልት ዳር፣ አሁን ወጣቶች ችግኝ ይሸጣሉ። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ለሆቴል በር የሚሆነው ቀይ አበባ፣ ስሙን የማላውቀው የፈረንጅ ዛፍ ሁሉ በጥቁር ፕላስቲክ ተተክሎ ተደርድሯል። እኔ የችግኝ ጉዳይ የለኝም። በዚያ በኩል የምዞረው ለጥላው ብዬ ነው፤ የከሚሴን ፀሐይ ያልቀመሰ ሰው ሽማግሌ ለምን መንገድ እንደሚያጣምም አይገባውም። አንዲት ልጅ በጆግ ውሃ ታርከፈክፋለች። ውሃው ከማንጎዎቹ እግር ሥር የተደበቀ አንድ ነገር ላይ ሲወርድ ያ ሽታ መጣ። የመጀመሪያ ዝናብ የነካው አፈርና አሁን የተቆረጠ ጥሬ ዱባ አንድ ላይ ቢሸቱ እንደዚያ ነው የሚሸቱት። ምርኩዜን ተክዬ ቆምኩ።

«አባባ፣ ምን ልስጥዎ?» አለችኝ ልጅቱ።

«ያቺ ከታች ያለችው ምንድን ናት?»

«እሷማ ለጥላ ናት። ዛፍ ሥር ሣር አልበቅል ያላቸው ሰዎች ይወስዷታል። ፀሐይ ካያት ግን አለቀላት፤ እንደ ከተማ ሙሽራ ናት።»

«ስሟስ?»

«ስም የላትም። እኛ የጥላ ሣር እንላታለን። እርስዎ ስም ካለዎት ያውጡላት» ብላ ሳቀች።

ስምማ ነበራት። በአማርኛ ማን እንደሚላት አላውቅም፤ የተማረ ሰው ጠይቄም አላገኘሁ። የባለቤቴ ቤተሰቦች በኦሮምኛው ጋዲሳ ይሏታል፣ ጥላ ማለት ነው። ከጨፋ ሸለቆ በላይ፣ ምንጭ ያለበት የድሮ ጫካ ውስጥ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ፀሐይ በማያሳልፉበት ቦታ መሬቱን እንደ ምንጣፍ የምታለብሰው እሷ ነበረች። ቅጠሏ ክብ ነው፣ የሕፃን ጆሮ ያህል፤ ከላይ አረንጓዴ፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ወይን ጠጅ። ወደ ላይ አታድግም፣ መሬት ለመሬት ትሄዳለች፤ በሄደችበት ሁሉ አንጓዋ ሥር ይሰዳል። አበባዋ ከመጠኗ አንሶ የሚያሳፍር ነጭ ነገር ነው፤ ጎንበስ ያላለ ሰው አያየውም።

በዚያ አገር ሰዉ ይህቺን ተክል ከጫካ አምጥቶ በቤቱ የጥላ በኩል፣ ከውዱ ድንጋዩ ሥር ይተክላታል። ሰው ለሶላት ሲታጠብ ተቀምጦ እግሩን የሚያሳርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ የውዱ ድንጋይ የምለው እሱን ነው። የውዱ ውሃ መንገድ ላይ ፈስሶ ሰውና ከብት ሲረግጠው ደስ አይልም ይላሉ። ስለዚህ ጋዲሳዋ ትጠጣዋለች፤ ጭቃም አይሆን፣ እግርም አይቆሽሽ። በቀን አምስት ጊዜ የምትጠጣ ተክል በምን ትደርቃለች! ሴት ልጅ ስትዳር እናትየው ከራሷ ድንጋይ ሥር አንድ ጓል ከነአፈሩ ቆርጣ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ፣ በገዛ እጇ ትሰጣታለች። ልጅቱ ባሏ ቤት ትተክለዋለች። ከያዘላት ሙሽራዋ መሬት ያዘች ይባላል። እምቢ ካለ እናትየዋ ሌላ ትልካለች፣ እሱ ነውር የለውም። ነውሩ አንድ ነው። ጋዲሳ ወደ ኋላ አይመለስም። ሴት ልጅ ከባሏ ድንጋይ ሥር ቆርጣ ወደ እናቷ ቤት ይዛ ከሄደች ትዳሩ አበቃ ማለት ነው፤ ሽማግሌ መላክ፣ ቃል መናገር ሁሉ አያስፈልግም፤ የሙዝ ቅጠሉን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ዘይነባን ያገባኋት መንግሥት ተለውጦ ገበያው በተከፈተ ሰሞን ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። በረንዳ ተከራይቼ፣ ፔዳሏ የሚንቋቋ የስፌት መኪናዬን ይዤ አስፓልቱ ላይ እቀመጣለሁ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም፤ ሜትርና ጠመኔ ግን አያሳስተኝም። ሱሪ በሰባት ብር እሰፋ ነበር፤ ጨርቁ ቴትሮን ከሆነ እጥፋቱ እንደ ቢላ ቀጥ ብሎ ዓመት ይቆያል። ጎረምሳው ሁሉ ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ ትቶ ጠበብ ያለ ማለት የጀመረው ያኔ ነው። ሽማግሌዎቹ ሽርጣቸውን አልለወጡም፤ እነሱ ለእኔ የሚያመጡት ጠርዝ ማስቀምቀሚያ ብቻ ነበር። ከጎኔ ያለው ካሴት ሻጭ ጠዋት መንዙማ ከፍቶ ይጀምራል፤ ከሰዓት የሱዳን ዘፈን ያስገባል፤ ለዐስር ሶላት አዛን ሲል ቁልፉን ይጫነዋል። አሁን በዚያ በረንዳ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፣ ባጃጁም ሲንጫጫ ይውላል። ጋሪዎቹ ወዴት ሄዱ? እኔ እንጃ። አንድ ቀን ስነቃ አልነበሩም መሰለኝ።

ለሠርጋችን ለራሴ ነጭ ጀላቢያ፣ ለእሷ ደግሞ አረንጓዴ ፖፕሊን ቀሚስ ሰፋሁ። እናቷን እማ ፋጤ እንላቸዋለን፤ ባላቸውን በጊዜ ያጡ፣ ከዘይነባ በቀር ልጅ የሌላቸው፣ ቀጭን፣ ቀልድ የሚወዱ ሴት። ቤታቸው ከጨፋ ሮቢት ገባ ብሎ ነው። ጓሉን ሲሰጧት «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ባልሽን አይመስልም፤ በየቀኑ ካላጠጡት ይከሳል» አሏት፤ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ጓሉን ጭኗ ላይ አድርጋ በአይሱዙ ወደ ከሚሴ መጣን። ከቤቴ ኋላ አንድ የሾላ ዛፍ ነበረኝ፤ እሱ ሥር ድንጋይ አኖርኩላት። ጋዲሳዋ ክረምቱ ሳይወጣ ድንጋዩን ከበበችው።

ጋዲሳዋ ልጅ በልጅ ሆነች፤ እኛ ግን አልወለድንም። መጀመሪያ ሰው ይመርቃል፤ ቀጥሎ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ መጠየቁን ይተውና ያይሃል። ታላቅ ወንድሜ ሁሴን፣ አያ ሁሴን የምለው፣ በየጁምዓው በረንዳዬ ላይ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የአባታችን ስም ይቋረጣል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ነው። «ሰይድ፣ ወላሂ እኔ ዘይነባን አልጠላትም» ይላል። «ግን መሬት እምቢ ካለ ሌላ መሬት ይታረሳል። ወይ ሁለተኛ ጨምር፣ ወይ እሷን በሰላም ወደ እናቷ ሸኝ።» እኔ ፔዳሌን እረግጣለሁ። መኪናዋ ስትንቋቋ መልስ የሰጠሁ ይመስላል። ዘይነባ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ የከሚሴ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ወሬ ያሳልፋል። አንድ ቀንም አንስታብኝ አታውቅም። ዝም ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ታፈሳለች፣ ዝም ብላ ትሰግዳለች። ያ ዝምታ ከጭቅጭቅ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

ከዚያ ያ የድርቅ ዓመት መጣ። በልጉ ቀረ። አፋሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ከሌላው ጊዜ ቀድመው ጨፋ ገቡ፣ ሣሩም ቀድሞ አለቀ። ከላይ ጫካው ለከሰል እየተቆረጠ ነበር፤ ከታች ደግሞ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰዎች ወንዙ ላይ ሞተር ተክለው ቀን ሙሉ ይስባሉ። ሰው ምን ያድርግ፣ ሁሉም ለጉሮሮው ነው። ምንጩ ግን እማ ፋጤ በር ድረስ መምጣቱን ተወ። እሳቸውም በዚያው ሰሞን ታመው ተኙ። ዘይነባ ጠይቃቸው ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። «የእናቴ ድንጋይ ባዶ ሆኗል» አለችኝ። «አንድ ቅጠል የለም። አቧራ ላይ ነው የምትታጠብ።» ስለ ሕመማቸው ጠየቅኳት፤ እሷ ደግማ ስለ ድንጋዩ ነገረችኝ።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ያን ጊዜ የእኛ ሰፈር ነጋዴ ሁሉ ሰኞን ባቲ ስለሚውል መንደሩ ጭር ይላል። እኔ አንድ የሙሽራ ጀላቢያ ላይ አንገት እያዞርኩ ነበር። ጎረቤታችን እቴ ከድጃ እግሯን አሟት ከገበያ ቀርታ ኖሮ እያነከሰች መጣች።

«ሰይድ፣ መቀስህን አስቀምጥ።»

«ምነው፣ ደህና አይደለሽም?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ዘይነባ ጋዲሳ ቆርጣ ወጣች። በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ረቢ ምስክሬ ነው። ‹ወዴት ነው?› ብላት ‹እናቴ ጋ› ብላ መኪና ላይ ወጣች።»

ቤት ሄጄ አየሁ። ከድንጋዩ ሥር፣ በጎኑ በኩል፣ ጓሉ የወጣበት ጉድጓድ ትኩስ ነው፤ የተቆረጡት ሥሮች ነጭ ሆነው ይታያሉ። ልብሷ ግን በቦታው ተሰቅሏል። አረንጓዴ ቀሚሷም አለ። ይህን እንዴት ልረዳው? ሌላ አገር ቢሆን ልብሷን ያልወሰደች ሴት ትመለሳለች ይባላል። እኛ ዘንድ ግን ልብስ ምንም አይደለም። አያ ሁሴን ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶት በሩ ላይ ቆሟል። «አልሃምዱሊላህ በል» አለኝ። «አንተ ልብህ አልጨክን ብሎህ ነበር፤ እሷ በገዛ እግሯ ገላገለችህ።» በሕይወቴ ታላቄን ዝም በል ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጀላቢያውን መኪናዋ ላይ ከነመርፌው ትቼ ሽንኩርት ለመጫን ባዶውን የሚወርድ አይሱዙ ላይ ተንጠለጠልኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፤ ደርሼ ምን እላለሁ? ጋዲሳ ከተመለሰ በኋላ የሚባል ነገር ማንም አላስተማረኝም።

ስደርስ ከእማ ፋጤ አጥር ውጭ ሰው ተሰብስቧል። ዘይነባ ከበሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን አውልቃ በአጥሩ እሾህና በጉልበቷ መሀል ዘርግታ ለጋዲሳው ጥላ ሠርታለታለች፤ እሷ ራሷ ፀሐይ ላይ ናት። ከውስጥ የእማ ፋጤ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭን ነው፣ ግን አልታመመም።

«ኢንተላ ኮ፣ ይዘሽው ተመለሺ! ከበሬ እንዳታሳልፊው! ሳልሞት ልጄ ተፈታች አታሰኚኝ!»

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። «ዘይኑ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እናቴ ሳታየኝ ልተክለው ነበር» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ። «ሰው ሁሉ ባቲ ነው ብዬ። ተኝታ ሳለ ተክዬው ብመለስ፣ ስትነቃ ከራሱ የበቀለ ይመስላታል ብዬ። እዚህ ስደርስ ነቅታ ደጅ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ቅጠሉን ስታይ ገብታ ተኛች።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ትለኛለህ? ‹ቁረጪ› ካልከኝ ፈታኸኝ ማለት ነው። ‹አትቁረጪ› ካልከኝ እናቴ አቧራ ላይ ትሞታለች።»

እውነቷን ነው። ልማዳችን መውጫ አልተወላትም። ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማ ፋጤ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ሰይዴ፣ አንተም መጣህ? ልትፈታት ነው ወይስ ልትወስዳት? አንዱን ንገረኝና ልረፍ።»

«አንዱንም አይደል። ጋዲሳውን ልተክል ነው የመጣሁ።»

«ጋዲሳ እናት ለልጅ ነው የምትሰጥ። ልጅ ለእናት ይዞ ሲመጣ ምን እንደሆነ አታውቅም?»

«ሴት ልጅ ስትመልስ አውቃለሁ። ወንድ ልጅ ለእናቱ ሲያመጣስ? እሱንም ከልክለውታል?»

«ወንድ ልጅ አልሰጠኝም። ታውቃለህ።»

«እኔስ ምንዎ ነኝ? እሷ አይደለችም ያመጣችው፤ እኔ ነኝ። ጀላቢያ ልጨርስ ብዬ አስቀድሜ ላክኋት፣ ይኸው ደረስኩ። በፀሐይ ያስቀመጧት የእኔን ዕቃ ይዛ ነው።»

ውሸት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ አጥር ሥር የቆመውም ሰው ያውቃል። ውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ እማ ፋጤ ሳቁ፣ ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ። «ያ ረቢ! ልብስ ሰፊ አማች አይጣል ነው! የተቀደደውን ሁሉ ካልጠቀመ እንቅልፍ አይወስደው!» ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ፣ ሳቀም። «ግባ ልጄ» አሉኝ። «ይዘኸው ግባ። እሷም ትግባ፣ ራሷን ፀሐይ በላት።»

ጓሉን ከዘይነባ እጅ ተቀብዬ ተከልኩት። ድንጋዩ እንደ በሬ ምላስ ረዘም ያለ፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ነበር፤ በስንጥቁ በኩል ውሃው እንዲወርድ አድርጌ ነው የቀበርኩት። እማ ፋጤን ደግፈን አውጥተን አስቀመጥናቸው። ከጎረቤት በተለመነ ውሃ ውዱ አደረጉ፤ ቀስ ብለው፣ አንዲት ጠብታ ወደ ውጭ ሳትወጣ። ሲጨርሱ በእርጥብ እጃቸው የእኔንም የእሷንም ራስ ነኩ። «አላህ ልጅ ከሰጣችሁ አልሃምዱሊላህ። ካልሰጣችሁም ይሄ በቀን አምስት ጊዜ ውሃ የሚል ልጅ ነው፤ ይበቃችኋል» አሉ።

አልሰጠንም፤ አልሃምዱሊላህ። እማ ፋጤ ማሽላው ሳይታጨድ ሞቱ። ጋዲሳቸው ግን ይዞላቸው ነው የሞቱት፤ አዲስ ቅጠል አውጥቶ አይተዋል። አያ ሁሴንም ቀስ በቀስ የሚለውን ትቶ መጥቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሆነ። እኔና ዘይነባ ስለዚያ ሰኞ አንድም ቀን አላወራንም። በአይሱዙው ላይ ምን ሳስብ እንደሄድኩ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም። አለቀ፣ ተሰፋ፣ አልኩ።

የእማ ፋጤን ቤት ዘመዶች ሸጡት፤ የገዛውም ትቶት ሄደ። የእኛ ሾላ ደግሞ በኋላ የመብራት ሽቦ ያልፍበታል ተብሎ ተቆረጠ። ፀሐዩ ድንጋዩ ላይ ባረፈ በሳምንቱ ጋዲሳችን እንደ ተቃጠለ ወረቀት ተጨማዶ ሞተ። ሌላ እንፈልግ ስላት ዘይነባ «እናት የለኝ፣ ከማን እጅ ልቀበል?» አለችኝ። ነገሩ በዚያ ቀረ።

አሁን ደግሞ ዘይነባ ትረሳለች። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ አሁን ቀኑን ራሱን። የድሮውን ግን አትረሳም፤ የፖፕሊኑን ዋጋ፣ የአይሱዙውን ሾፌር ሳቅ ሁሉ ትነግረኛለች። ውዱ አድርጋ ትነሣና፣ ማድረጓን ረስታ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሐኪሙ ‹የእርጅና ነው› ብሎኛል። እኔን ግን ሌሊት የሚያነቃኝ አንድ ነገር ነው፤ ከምትረሳው ይልቅ ያልረሳችው።

ችግኝ ሻጯን «ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከሮቢት ገባ ብሎ። የፈረሰ ቤት አለ። የሰፈሩ የቦኖ ውሃ በዚያ ይፈሳል፣ ሙዙ በቅሎ ጥላ ሆኖለት። ከአንድ ረጅም ድንጋይ ሥር ነው የቆፈርነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ሁሉ ገብቷል፣ አልወጣ ብሎን።»

ምርኩዜን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ጋዲሳ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም፤ ይህን ለዚች ልጅ እንዴት አስረዳለሁ? መትከያ የሌለኝን አንድ ማንጎ ገዛሁና «ያቺን ምርቃት አድርጊልኝ» አልኳት። «አባባ፣ ነጋዴ ነበሩ እንዴ!» ብላ እየሳቀች በእጇ ሰጠችኝ። ፕላስቲኩን አልፈለግሁትም። ከጎኗ ፓፓያ ከሚሸጠው ሰው የሙዝ ቅጠል ለምኜ ጠቀለልኩት።

ዘይነባ በረንዳው ጥላ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ደስ ይላታል ብዬ ቅጠሉን ከፈት አድርጌ ጭኗ ላይ አኖርኩላት። አሸተተችው። ወዲያው ለየችው፤ ፊቷ እንደ ድሮው ሆነ፣ ግን እንደ ደስታ ቀን አልነበረም። ቀና ብላ አየችኝ።

«ልትመልሰኝ ነው?» አለችኝ።

ይህን ፍርሃት ስንት ዘመን ይዛው ኖራለች!

«አይደለም ዘይኑ። ወደዚህ ነው የመጣው። ከእናትሽ ድንጋይ ነው የመጣው፣ ወደ አንቺ።»

«እናቴ ሰጠችህ?»

«ሰጠችኝ።»

በግድግዳውና በውሃው ሮቶ መሀል ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ አለ። የውዱ ድንጋያችንን ወደዚያ ገፍቼ፣ በጣቴ አፈሩን ከፍቼ ተከልኩት። እሷም መጥታ ተቀምጣ ውዱ አደረገች፤ ጠብታ ወደ ውጭ ሳትወጣ፣ እንደ እናቷ። ከዚያ ተነሣች። ከዚያ ተመለሰችና ተቀመጠች፤ ወደ ታች አየችው፤ ፊቷ እንደገና ያን ሆነ።

«አንተ፣ ይሄን ለምን አመጣኸው? ልትመልሰኝ ነው?»

«ወደዚህ ነው የመጣው» እላታለሁ።

ያን ጊዜ ውሃውን ታፈሳለች። በቀን አምስት ጊዜ ሳይሆን እሷ በረሳች ቁጥር ይጠጣል፤ በእሷም መርሳት ይኸው ድንጋዩን ከብቦ በሮቶው ሥር አልፎ ሄዷል።